የእርሻ ጽሕፈት ሽልማትና የመደቦቹ ዝርዝር

ስለ ድርሰት የሚፈርድ ሰው ልማዱ መጽሐፍን ወይም ቅኔን መመርመር ነው እንጂ የውድድር ማስታወቂያን መመርመር አይደለም። ነገር ግን አንድ ገጽ የማይሞላ ዝርዝር አንዳንድ ጊዜ ከትልቅ መጽሐፍ ይልቅ የጸሐፊዎችን እጅ ይመራል። በአሜሪካ አገር ስለ እርሻ የሚጽፉ ሰዎች ማኅበሮች በየዓመቱ ለሽልማት የሚያወጡት የመደብ ዝርዝር እንዲህ ካሉት ጽሑፎች አንዱ ነው። ዝርዝሩን ያወጣ ሰው ደራሲ ነኝ አይልም፤ ሆኖም ብዙ ሺሕ ገበሬ የሚያነበው ጽሑፍ ምን መልክ እንዲኖረው በከፊል የሚወስነው እርሱ ስለ ሆነ፥ ዝርዝሩ እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊመረመር ይገባዋል።

አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች በ1913 ማኅበር አቆሙ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው)፤ የእርሻ ጋዜጦችና መጽሔቶች አዘጋጆች ደግሞ በ1921 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ የከብት እርባታ መጽሔቶችም በ1974 ለብቻቸው ተሰበሰቡ። እነዚህና እነዚህን የመሰሉ ማኅበሮች ለአባሎቻቸው ውድድር ያደርጋሉ። ተወዳዳሪው ባለፈው ዓመት ካሳተመው ሥራ መርጦ፥ የትኛው መደብ እንደሚስማማው ራሱ ቈርጦ፥ የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ ይልካል። የሚፈርዱትም ብዙውን ጊዜ የጽሕፈትና የኅትመት ዐዋቂዎች ናቸው። የመደቡ ስም ከማኅበር ማኅበር ቢለያይም ዋናው ረድፍ ይህን ይመስላል፤ ዜና፥ የአዘጋጁ አስተያየት፥ የአንድ ሰው ታሪክ፥ የእርሻ ዘዴ ማብራሪያ፥ የገበያ ጽሑፍ፥ ፎቶግራፍ፥ የሽፋን ገጽ፥ የገጽ አቀማመጥ፤ ከቅርብ ዘመን ወዲህም ቪዲዮና ሌላው በኢንተርኔት የሚወጣው ሥራ ተጨምሮበታል።

ይህ ረድፍ ምንም ጥቅም የለውም ማለት አይገባም። የእርሻ ጋዜጣ ጸሐፊ በጋዜጠኞች መካከል እንኳ ክብሩ ዝቅ ያለ ነው። ስለ ምክር ቤትና ስለ ጦርነት የሚጽፈው ስሙ በከተማ ይጠራል፤ ስለ ስንዴ ዋግና ስለ ላም ጡት በሽታ የሚጽፈውን ግን ከአንባቢው በቀር የሚያውቀው የለም። ሽልማት ለእንዲህ ያለው ሰው የጓደኞቹ ምስክርነት ነው። ይልቁንም የኮሌጆቹ አዘጋጆች ማኅበር ውድድሩን «ሂስና ሽልማት» ብሎ መሰየሙ ያስመሰግነዋል፤ ሂሱን ከሽልማቱ አስቀድሞ ጠርቶታልና። የተሸነፈ ሰው ሥራው ለምን እንደ ተሸነፈ በጽሑፍ ሲነገረው ከተሸለመው ይልቅ ተጠቅሞ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ጥያቄው የሚነሣው መደቡ በምን እንደ ተለየ ሲታይ ነው። ሥራዎቹ የተለዩት በመልካቸው ነው እንጂ በጉዳያቸው አይደለም። በመልክ መለየት የቅኔ ቤት ልማድ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ በዚህም ማንም አይከራከርም። ነገር ግን በዚያ መልኩ የተለየው ለአገልግሎቱ ነው፤ እያንዳንዱ ቅኔ በማኅሌቱ ውስጥ የሚባልበት ቦታና ጊዜ አለው፤ ያለ ቦታው የተባለ እንደ ሆነ ቃሉ ቢያምርም ተሳስቷል ይባላል። የእርሻ ጽሕፈት መደቦች ግን ከእርሻው ቦታና ጊዜ አልተወለዱም፤ የተወለዱት ከመጽሔቱ ገጽ ነው። ገበሬው ዘር ከመዝራቱ በፊት ምን ማወቅ እንደሚሻ፥ ከብቱ ሲታመም ወደ ማን እንደሚጮኽ፥ የእህል ዋጋ በወደቀበት ዓመት ዕዳውን እንዴት እንደሚያስብ ከዝርዝሩ አይታወቅም። የሚታወቀው መጽሔቱ በሽፋኑ፥ በመካከሉና በመጨረሻው ገጽ ምን ምን እንደሚያሳትም ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ የአታሚው ቤት መስተዋት ነው፤ አታሚው ራሱን ያይበታል፥ አንባቢው ግን አይታይበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው «የአንድ ሰው ታሪክ» የሚባለውን መደብ «የእርሻ ዘዴ» ከሚባለው የለየው ወሰን ነው። በፊተኛው መደብ የገበሬው ሕይወት ይጻፋል፤ ከአባቱ የወረሰው መሬት፥ ያሳለፈው ድርቅ፥ ከብቱን የሸጠበት ቀን ኀዘን። በሁለተኛው መደብ የሊቁ ትምህርት ይጻፋል፤ የማዳበሪያው ልክ፥ የዘሩ ዓይነት፥ የአፈሩ ምርመራ። አሁን አንድ ጸሐፊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ተዳፋት መሬት እያረሰ ውሃው በየት በኩል እንደሚሰርግ፥ አፈሩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ከመሣሪያ በተሻለ ያወቀ ሽማግሌ ቢያገኝና ዕውቀቱንና ሕይወቱን ባንድነት ቢጽፍ፥ ይህን ሥራ ወደ የትኛው መደብ ይልከዋል? ወደ ሰው ታሪክ ቢልከው የአፈሩ ነገር በዝቶ ታሪኩን አቀዝቅዞታል ሊባል ነው፤ ወደ እርሻ ዘዴ ቢልከው የሽማግሌው ነገር በዝቶ ትምህርቱን አላልቶታል ሊባል ነው። ስለዚህ ብልኅ የሆነ ጸሐፊ ገና ሲጽፍ ከሁለት አንዱን ይቈርጣል። ይህ መቍረጥ በየዓመቱ ሲደጋገም ገበሬው የሚያዝንና የሚደሰት ሰው ብቻ፥ ሊቁ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሐሰትነቱ ግልጽ ነው፤ በሬ ጠምዶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ሆኖም ማንም ሐሰት ልጻፍ ብሎ አልጻፈውም፤ በሁለት መስመሮች መካከል የተሰመረች አንዲት ወሰን ናት ያጻፈችው።

የቀደሙት ሰዎች ተወዳዳሪን የሚጠሩት በሌላ መንገድ ነበር። በፈረንሳይ አገር የበዛንሶን አካዳሚ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ለሽልማት ያወጣው ጥያቄ፥ በረኃብ ዘመን የተለመደውን የሰው ምግብ ሊተኩ የሚችሉ ተክሎች የትኞቹ ናቸው? የሚል ነበር። ካሸነፉትም መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የቈየው መድኃኒት ቀማሚው ሙሴ ፓርማንቲዬ ነው። እርሱ በሰባቱ ዓመት ጦርነት በፕሩስያውያን እጅ ተማርኮ ሳለ ድንች እየተሰጠው ኖሮ ስለ ነበረ፥ ብዙ ፈረንሳዊ ድንችን የከብት ምግብ አድርጎ በሚንቅበት ጊዜ ስለ ድንች ተከራከረ። ጽሑፉ ዜና ነው ወይስ አስተያየት፥ ታሪክ ነው ወይስ ማብራሪያ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። የመደቡ ስም ራሱ ረኃብ ነበረና፥ ለረኃብ መልስ ያለው ሁሉ የሚገባበት ደጅ ሆኖ ተከፈተ።

እንግሊዞችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። በ1838 የተመሠረተው የእንግሊዝ የእርሻ ማኅበር፥ በኋላ ንጉሣዊ የተባለው፥ በየዓመቱ ሽልማት የሚሰጥባቸውን ጉዳዮች ያስታውቅ ነበር፤ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ስለ ማድረቅ፥ ስለ ፍግ፥ የአንዱ ወይም የሌላው አውራጃ እርሻ እንዴት እንደ ሆነ። ጸሐፊው ስሙን ሰውሮ በጽሑፉ ላይ አንድ ቃል ብቻ ምልክት አድርጎ ይጽፋል፤ ስሙ ያለበት ወረቀት በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል፤ ዳኞች ከፈረዱ በኋላ ይከፈታል። የማኅበሩን መጽሔት ይመራ የነበረው ሚስተር ፊሊፕ ፑዚ፥ በኦክስፎርድ ስመ ጥሩ የነበረው የመጻሕፍት ሊቅ የኤድዋርድ ፑዚ ወንድም፥ ይህን ሥራ አጥብቆ ይወድ ነበር። ስለ አውራጃዎች እርሻ ተሸልመው የታተሙት ጽሑፎች ዛሬም ለታሪክ መርማሪዎች ያገለግላሉ። ስለ መልካቸው ብቻ ተሸልመው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያነባቸው ነበር?

ነገር ግን የጥንቱን ውድድር ያለ ነቀፋ ማመስገን ፍርድን ማጓደል ነው። በ1845 የድንች በሽታ ወደ እንግሊዝና ወደ አየርላንድ ገባ። በዚያው ሙሴ ፓርማንቲዬ ለረኃብ መድኃኒት ብሎ ባቀረበው ተክል ተማምኖ ይኖር የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ እርሻው በጥቂት ቀን ጠቍሮ ሸተተበት፤ ከዚያ በተከተሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ማኅበሩ ስለ በሽታው ለሚጽፍ ሽልማት አወጣ፤ የተሸለሙትም ጽሑፎች በ1846 በመጽሔቱ ታተሙ። በዚያው ዓመት ቄስ ማይልስ በርክሌ፥ በገጠር ደብር እያገለገሉ ስለ ሻጋታና ስለ እንጉዳይ ዘሮች ይመረምሩ የነበሩት፥ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ረቂቅ ሻጋታ ራሱ የበሽታው ምክንያት ነው ብለው ጻፉ። ጽሑፋቸው ግን የወጣው በሌላ ማኅበር፥ በለንደን የአትክልት ማኅበር መጽሔት ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም፤ ምክንያቱ ዝናሙና ብርዱ ነው፥ ሻጋታው የበሰበሰውን ተከትሎ የመጣ ነው ይሉ ነበር። የቄስ በርክሌ ቃል እውነት እንደ ሆነ ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1861 ፈትኖ አሳየ። በመካከሉ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏል።

እንግዲህ ከዚህ የሚታየው ሁለት ነገር ነው። መደቡን በጉዳዩ መሰየም ከመልክ ይሻላል፤ የሚጠራው ሰው ይበዛል፥ የሚጻፈውም ነገር ወደ ሥራ ይቀርባል። ሆኖም በጉዳይ የተሰየመ መደብም ቢሆን የችኰላን በሽታ አያድንም። በ1846 የፈረዱት ዳኞች በጊዜያቸው ካለው ዕውቀት የሚበልጥ ሊያዩ አይችሉም ነበርና አይነቀፉም፤ የሚነቀፈው የሽልማት ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ተከፍቶ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ ያደረገው ሥርዓት ነው። የዛሬዎቹም ማኅበሮች የሚጠይቁት ባለፈው ዓመት የታተመውን ነው። የስንዴ ምርት በአንድ ዓመት ይታወቃል፤ ስለ ስንዴ የተጻፈ ምክር ግን በአንድ ዓመት አይታወቅም። ስለ አዲስ ዘር የተጻፈው ጽሑፍ በቃሉ ጣዕም ዛሬ ሊሸለም ይችላል፤ ዘሩን የዘራው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ የሚለው ቃል የሚገባበት መደብ ግን በተለመደው ረድፍ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ስለ ዳኞቹም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በ2017 የፑሊትዘርን ሽልማት ስለ ጋዜጣ አስተያየት የተቀበለው ሚስተር አርት ከለን፥ ሽልማቱን በተቀበለ ጊዜ በአዮዋ ግዛት በስቶርም ሌክ ከተማ ሦስት ሺሕ ያህል ብቻ ይታተም የነበረ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። የጻፈበት ነገር እንዲህ ነበር። የዴ ሞይን ከተማ የውሃ ድርጅት በ2015 ሦስት አውራጃዎችን ከሰሰ፤ ከእርሻው ማዳበሪያና ፍግ ጋራ የተያያዘ ናይትሬት በመሬት ውስጥ በተቀበሩ የውሃ ማስወገጃ ቱቦዎች አልፎ ከተማው ወደሚጠጣው ወንዝ ይገባል ብሎ። ከሦስቱ አውራጃዎች አንዱ የሚስተር ከለን አውራጃ ነበር። የጠበቆቹን ወጪ ከጀርባ ሆነው የሚከፍሉ እነማን እንደ ሆኑ ለሕዝብ ይገለጥ ብሎ አጥብቆ ጠየቀ፤ ከትልልቅ የእርሻ ነጋዴዎች ጋራም ተጋፈጠ። ክሱ በ2017 በፍርድ ቤት ተሰረዘ፤ የጋዜጣው ጽሑፎች ግን ቀሩ።

ይህ ስለ አፈር፥ ስለ ውሃና ስለ በቆሎ የተጻፈ ሥራ ታላቁን ክብር ያገኘው ለጋዜጣ ሁሉ በተከፈተ ውድድር ነው። በእርሻ ማኅበሮች ዝርዝር ውስጥ «የአዘጋጁ አስተያየት» የሚል መደብ የለም ተብሎ አይደለም፤ አለ። የሚያሳስበው የመደቡ ጎረቤት ነው። በአንዳንዶቹ ማኅበሮች ጋዜጠኛውና ለዘርና ለመድኃኒት ኩባንያዎች የሚጽፈው ሰው በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ለጉባኤውም ገንዘብ ከሚሰጡት መካከል ኩባንያዎቹ አሉ። የእርሻ ንግድ ሰዎች ማኅበር ማስታወቂያን ለብቻው በሌላ ውድድር መሸለሙ ይልቅ ግልጽ ነገር ነው፤ ማስታወቂያ ማስታወቂያ ተብሎ ተሸልሟልና ማንንም አያታልልም። በአንድ ግብዣ ላይ ግን ነቃፊውና ተነቃፊው ጐን ለጐን ተቀምጠው፥ የግብዣውን ዋጋ ተነቃፊው ከፍሎ ሳለ፥ ዳኛው ነጻ ቢሆን እንኳ ጸሐፊው አስቀድሞ ብዕሩን ማለዘቡ አይቀርም። ይህ ስለ ማንም ሰው ክፋት የተባለ አይደለም፤ እንጀራ የሚበላበትን ገበታ የሚገለብጥ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

በሌላ በኩል አንድ ሽልማት ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ይዞ ይታያል። ካናዳዊው ሚስተር ጆርጅ አትኪንስ በአገራቸው ሬዲዮ ስለ እርሻ ለብዙ ዘመን ሲናገሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። በ1975 በዛምቢያ የሬዲዮ ሠራተኞችን ለማስተማር ሄደው ሳለ፥ በአውቶቡስ ሲጓዙ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ ጋዜጠኛ ለገበሬዎች ስለ ትራክተር ካንዴላ አያያዝ እንደሚናገር ነገራቸው። ስንት ገበሬ ትራክተር አለው ብለው ቢጠይቁት እጅግ ጥቂት መሆናቸው ታወቀ። ያ የሬዲዮ ንግግር «የእርሻ ዘዴ ማብራሪያ» በሚለው መደብ ቢቀርብ ምናልባት ይሸለም ነበር፤ ንግግሩ ጥሩ፥ ምክሩም ለባለ ትራክተር ትክክል ሊሆን ይችላልና። ጉድለቱ በንግግሩ ውስጥ አልነበረም፤ በሚሰማው ሰው ደጅ ነበር። ሚስተር አትኪንስ በ1979 ለታዳጊ አገሮች የእርሻ ሬዲዮ ሠራተኞች ጽሑፍ የሚልክ ድርጅት አቆሙ፤ ያው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል። በስማቸው የተሰየመው ሽልማት የሚሰጠው በሬዲዮ ሥራው ለትናንሽ ገበሬዎች መልካም አገልግሎት ላበረከተ ሰው ነው፤ ለአንድ ቀን ንግግር ውበት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሽልማት መፍረድ ከባድ ነው፤ ዳኛው ከጽሑፉ ዐልፎ የሰሚውን ማሳ እንዲመለከት ያስገድደዋል። መክበዱ ግን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ፎቶግራፍን በሚመለከት የዛሬው ዝርዝር ብዙ አይነቀፍም። ፎቶግራፍ በዓይን የሚፈረድ ነገር ነው፤ ዳኛው ገበሬ ባይሆንም የብርሃኑን አወዳደቅና የፊቱን እውነት ሊለይ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ቢታረም ይበጃል፤ በፎቶግራፍ ወጥቶ የተሸለመው ገበሬ ስሙና የአገሩ ስም ከሥዕሉ በታች ይጻፍ። በከብት ፎቶግራፍ ሥር የዘሩ ስም ተጽፎ በሰው ፎቶግራፍ ሥር «ገበሬ» ብቻ ማለት ያሳፍራል። የሽፋን ገጽና የገጽ አቀማመጥ መደቦችም ለአታሚዎች ጠቃሚ ናቸውና ይኑሩ።

ማሻሻሉ ዝርዝሩን ሁሉ ማፍረስ አይደለም። በመልክ ከተለዩት መደቦች ጐን የዓመቱን ጉዳይ በስሙ የሚጠራ አንድ መደብ ቢጨመር፥ ለምሳሌ የአፈር መሸርሸር ወይም የወጣቶች መሬት ማጣት፥ ዜናውም አስተያየቱም የሰውም ታሪክ ባንድነት ይገባበት ነበር፤ ሽማግሌውም ከነዕውቀቱ ሳይቈረጥ ያልፍ ነበር። ከዚህም ጋራ ከአምስት ዓመት በፊት ለታተመ ሥራ የሚሰጥ ሌላ ሽልማት ያስፈልጋል። በዚህኛው ተወዳዳሪው የራሱን ሥራ አይልክም፤ ሥራውን አንብቦ የሠራበት ገበሬ ይልከዋል፥ ምን እንዳገኘበትና ምን እንዳጣበትም በሁለት ገጽ ይጽፍለታል፤ መጻፍ የማይችልም እንደ ሆነ ይናገርና ይጻፍለት። ከዳኞቹም ከግማሽ የማያንሱት አራሾች ይሁኑ። አራሽ ለስብሰባ ጊዜ የለውም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ነው። ስለዚህ የፍርዱ ጉባኤ አሁን እንደሚደረገው ለጋዜጠኞች በሚመች ወር አይሁን፤ አጨዳውና ውቂያው አልቆ እህሉ ጐተራ ከገባ በኋላ ይሁን።